ለልጆች ቤት ስለተቆፈረው ጉድጓድ

ለተከበሩ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የእኛን ከጠየቁ፣ የተረፍነው ደኅና ነን።

እኔ ከቢሮዎ ጀርባ ባለው ሰፈር ልብስ እየሰፋሁ የማድር እናት ነኝ። ለሕፃናት መዋያው የመሠረት ድንጋይ ባኖሩ ዕለት አበባ ያበረከተችልዎ ትልቋ ልጄ ነበረች። ግንባሯን ስመው «ይህ ቤት ያንቺ ነው» ስላሏት፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች «ቤት ተሰጠኝ» ስትል ሰነበተች። ስለዚህ ውለታዎ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ለመሠረቱ ያስቆፈሩት ጉድጓድ ጥልቀቱ የሚያስመሰግን ሆኖ ሳለ፣ እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ማጠሩ ተዘነጋና ክረምቱ በውሃ ሞላው። ልጄም «ቤቴን ላሳይሽ» ብላ ታናሽ እህቷን ይዛ ሄደች። ታናሿ ብቻዋን ተመልሳ «እትዬ ውሃው ውስጥ ተደበቀች፤ ፈልጌ አጣኋት» አለችኝ።

፪. ከቀብሩ ማግስት ሠራተኞችዎ ፈጥነው ደርሰው «ሕፃናት መቅረብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስለተከሉልን ከልብ እናመሰግናለን። ከልጆቼ ማንበብ የምትችለው ግን የሞተችው ነበረች።

፫. ጉድጓዱ እንዲደፈን ደጅ ብንጠና፣ ጸሐፊዎ በጨዋ አንደበት «እናቴ፣ በጀቱ የመገንቢያ እንጂ የመድፈኛ አይደለም» ብለው አስረዱን። እኛ የሰፈሩ እናቶች በጀት ስለማናውቅ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋችን አፈር ተሸክመን ደፈንነው። ትንሿ ልጄ አሁን በዚያ ባለፍን ቁጥር ጆሮዋን መሬት ላይ ለጥፋ ታዳምጥና «እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ርገጪ፤ እትዬ ገና አልወጣችም» ትለኛለች። አውጥተን እንደቀበርናት ደጋግሜ ብነግራትም አታምነኝም። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ቀስ ብዬ መርገጥ ጀምሬያለሁ።

ለዚህ ድፍረታችን «የሕፃናት መዋያ ግንባታ በማደናቀፍ» ከስሰውን መጥሪያ ደርሶኛል። ስለ ሕፃናት መብት እንዲህ የሚቆረቆር ሹም በማግኘታችን ኮርተናል። የራስዎ ልጆች እርስዎ ያስቆፈሩትን ሁሉ በሩቁ እያዩ እንዲያድጉልዎ፣ የእናት ምርቃቴ ይድረስዎ።

ከወገብ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ መጥሪያው በቢሮዎ በተለመደው ቅጽ ስለተዘጋጀ፣ «እናት ከልጇ ጋር ትቅረብ» ካለ በኋላ የሟቿ ስም ተሞልቶበታል። እኔስ በሰዓቱ እገኛለሁ፤ እሷን የሚያመጣልኝ ሠራተኛ ግን አስቀድመው ይመድቡልኝ።