ኮርማው የመሰከረለት ዱቄት

ይድረስ ለክቡር የእንስሳት መኖ ጥራት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ማለትም ስብሰባ ላይ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ሆድዎ ደህና ነው ወይ? የበሉትስ ይስማማዎታል ወይ? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም፤ በእኛ ቤት ከሰሞኑ ከሆድ ነገር በቀር ሌላ ወሬ ስለጠፋ ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነችው ቦራ ናት።

ቦራን ስለማያውቋት ላስተዋውቅዎ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት እንቦሳ ናት። በረቱን ስንሠራ ጎረቤት ሁሉ «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ መርቆን ነበርና አሰርን፤ ነገር ግን እናቷ፣ አንድ ለእናቱ የሆነችው ላማችን፣ እሷን ወልዳ ሳትነሳ ቀረች። ቤታችን በዚያች ላም ወተትና በባለቤቴ የልብስ ስፌት የሚኖር ነው። ቦራ አድጋ ካልወለደች በቀር ከእንግዲህ በዚህ በረት ላም የሚባል ነገር አይኖርም።

የተሰማኝን ምስጋና በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ማኅተምዎ አመሰግናለሁ። እናት አልባዋን ጥጃ ለማሳደግ ከመኖ መደብሩ የወተት ምትክ ዱቄት ስገዛ፣ ከረጢቱ ላይ የምትስቅ ጥጃ ሥዕል፣ ከሥዕሉ በታች ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ነበረ። ሥዕሉን ተጠራጥሬ ማኅተሙን አመንኩ። በጥብጬ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በጨዋ ደንብ ለመጻፍ ያስቸግራል፤ በአጭሩ ከላይ የገባው ሁሉ ውሎ ሳያድር ከታች ወጣ፣ ዓይኗም ጎደጎደ። አማቴ ዱቄቱን በመዳፋቸው ይዘው አሸተቱና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ላም በዓይኑ አይቶ አያውቅም» አሉኝ። እሳቸው ማኅተም የላቸውምና አልሰማኋቸውም።

፪ኛ. ለአቤቱታዬ መልስ እንዲሆን ስለላኩልኝ ባለሙያ እጅ እነሳለሁ። ባለሙያዎ ጥጃዋን ሳያይ ባልዲዬን አየና «አያያዝ ላይ ጉድለት አለ፣ እናት» ብሎ ፈረደብኝ። እኔም ባልዲውን እስኪጣመም ድረስ በፈላ ውሃ አጠብኩ፤ የመበጥበጫውን ውሃ ሙቀት እንደ ሕፃን ገላ ውሃ በክንዴ ለካሁ። ቦራ ግን ባሰባት። ዱቄቱን በማን ላይ እንደሞከራችሁት ብጠይቀው ደረቱን ነፍቶ «በግቢያችን ኮርማ ላይ ነው፤ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ወፈረ!» አለኝ። ኮርማው እንኳን ደስ ያለው።

የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ባርኔጣውን አወለቀ። እሱ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ጎልማሳ ከብት ያገኘውን ሁሉ በትልቁ ጨጓራው አብላልቶ ያመሰኳል፤ እንዲህ ያለች ጥጃ ግን ማመስኳት አልጀመረችም። የጠባችው ወተት ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይወርዳል፤ እዚያ ይረጋል፣ ከረጋ በኋላ ቀስ እያለ ይፈጫል። የእርስዎ ከረጢት የያዘው ግን በአብዛኛው የስንዴና የአኩሪ አተር ዱቄት ስለሆነ አይረጋም፣ ሳይፈጭ እያለፈ አንጀቷን ያቆስላል። «ከወተት የተሠራ ዱቄት ካላገኘሽላት አትቆይም፣ እትዬ» ብሎኝ ሄደ።

፫ኛ. ስለ ስብሰባዎ። ከተናጠ ወተት የተሠራው፣ ቀድሞ ይሸጥ የነበረው ዱቄት ጠፍቷል እንዳይሉኝ፤ በዚያው መደብር ጓዳ ተደርድሯል። ባለመደብሩ ከፍቶ ያሳየኛል እንጂ አይሸጥልኝም፤ የዱቄቱ የሽያጭ ፈቃድ እድሳት የእርስዎን ፊርማ ይጠብቃል። «እትዬ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ሱቄን ያሽጉብኛል» አለኝ። ልጆች አሉትና አልፈርድበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ሰማይ ማለት መጋዘን መሆኑን አላውቅም ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በጽሕፈት ቤትዎ የሚደመጠው ኮርማው ስለሆነ ለእሱ ላመለክት አስቤ ነበር።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት የእርስዎን ሱፍ ኮት የሰፋው ልብስ ሰፊ ነው። ጥጃዋ ስትንቀጠቀጥ ቢያይ፣ ከኮትዎ የተረፈውን ገበር አውጥቶ ልብስ ሰፋላት። ቁራጩን በማስቀረቱ ይቅር ይበሉት፣ የሙያው ልማድ ነው። ስለዚህ እርስዎ በስብሰባ፣ ቦራ በበረት አንድ ገበር ለብሳችሁ ትውላላችሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ዛሬ ጠዋት ጣቴን ስሰጣት ጠባችው፣ ግን ጉልበት የላትም። እስካሁን ያቆያት ጎረቤቴ ከላሟ ቀንሳ የምትሰጠኝ ወተት ነው፤ የጎረቤቴ ላም ደግሞ ልትነጥፍ ነው። ስትነጥፍ ወይ ያ ዱቄት ይሰጠኛል ወይ ቦራን እቀብራለሁ። እባክዎ፣ ከስብሰባው ለአንዲት ፊርማ ያህል ብቅ ይበሉ። ሌላ የምጠይቅዎት ነገር የለኝም።

የማይረጋውን በማኅተም ላረጉት፣ ኮርማን ለምስክርነት ላበቁት ለክቡርነትዎ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እየገለጽኩ፣

ቀድሞ ባለላም፣ አሁን ባለከረጢት የሆንኩት
የልብስ ሰፊው ባለቤት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጸሐፊዎ ደብዳቤዬን አልቀበልም ስላሉኝ በግቢዎ የብረት በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ይህንንም የምጨምረው እዚያው እንደተለጠፈ ነው። ሙጫ አልገዛሁም፤ የተረፈኝን የወተት ምትክዎን በውሃ አፍልቼ ቀባሁት። ባለቤቴ ጫፉን ይዞ ቢጎትተው ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልላቀቅ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ወተት ስሸጥ ኖሬ፣ ወተት ወረቀት ሲለጥፍ አይቼ አላውቅም። ዘበኛዎ እሱን ለመፋቅ ሲታገል ቦራን ያስቧት፤ እሷ በአንጀቷ ነው የታገለችው።