ሰባት ቁጥር ላይ የሚጮኸው ሰውዬ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ደረስን። ስምንት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ... ወገቤ መንገድ ላይ ቀርቷል መሰለኝ።

የእንግዳ ማረፊያው ሰባት ክፍሎች አሉት። የኛ የመጨረሻው ነው፣ ሰባት ቁጥር። ሁለት አልጋ፣ አንድ እግሩ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ፣ አንድ ግራጫ ስልክ። አባባ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ስልኩ ጋ ሄዶ ገመዱን ጎተት ጎተት አደረገ። «ደህና ነው» አለ፤ በሽተኛ የመረመረ ይመስል። ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ በመስኮት አይደለም እንዴ የሚያየው?

ለነገሩ ዕረፍት አይደለም። እሱ ለሥራ ነው የመጣው። እኔ ትምህርት ቤት ስለተዘጋና እናቴ ስብሰባ ስለሄደች እንደ ሻንጣ ተጭኜ ነው። ሥራው ውሃ መፈለግ ነው፦ ከምድር በታች የት ጋ ውሃ እንዳለ ይለካል፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ መቆፈሪያ መኪና ይልካል። መኪናዋ አንድ ብቻ ናት። ወዴት እንደምትሄድ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ተሰብስበው ይወስናሉ። የአባባ ሪፖርት እስከዚያ በኢሜል ካልደረሰ ከከተማው ወጣ ብለው ያሉት ሰዎች ዘንድሮም ውሃ አያገኙም። ሁለት ሰዓት እየሄዱ ነው የሚቀዱት።

ኢሜሉ የሚላክበት ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ክብደቱ የአንድ ዓመት ሕፃን ያህላል፤ አባባም የሚያቅፈው እንደዚያው ነው። «እጅሽን!» ይለኛል፣ ገና ሳልነካው።

ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር ነው። እታች መቀበያው ጋ ያሉት ሴትዮ የውጭ መስመር ይሰጡናል። ከዚያ ገመዱ ከስልኩ ተነቅሎ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ከዚያ ላፕቶፑ ራሱ ይደውላል። ከዚያ... ይጮኻል። ኪርርርር! ሺሺሺሺ! ጓጓጓ! ድመትን በወንፊት ቢያጠሏት እንዲህ ሳትጮህ አትቀርም።

ለሙከራ ሞከርነው፤ ገባ። አባባ አጨበጨበ። ለብቻው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የመቀበያዋን ሴትዮ እትዬ ሃሎ ብያቸዋለሁ። ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው። ሲያስነጥሳቸው እንኳ «ሃሎ» ሳይሉ አይቀሩም። ክፍሎቹን ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኙት ሰሌዳ ላይ ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ ነው። መስመሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ «ትንሽ» ያዳምጣሉ። ትንሽ የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ጠዋት ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትናንት ሰባት ቁጥር መስመር ላይ የሚጮኸው ሰውዬ ማን ነው?»

ምላሴ መች ያርፋል!

«የአባቴ አለቃ ነው» አልኩ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ።

«ሰው እንዲህ ይጮኻል?»

«ትናንትማ ደስ ብሎት ነበር። ሲናደድ ነው መስማት።»

«ውይ! ውይ! አባትሽስ ምንም አይመልስ?»

«ምን ይመልሳል እትዬ... ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ።»

ደረታቸውን ያዙ። እኔ ሳቄን አፍኜ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣሁ።

ከዚያ ሜዳ ላይ ዋልን። ፀሐዩ! አባባ ሽቦ ይዘረጋል፣ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዲት እናት ጀሪካኗን አውርዳ «ዘንድሮስ ይሆን ይሆን?» አለችው። ሦስተኛ ዓመቱ ነው እዚህ ሲመጣ። ሁለቱንም ጊዜ መኪናዋ ሌላ ቦታ ሄዳለች። «ይሆናል» አላት፣ መሬት መሬት እያየ። በኋላ «ውሃው እየታየህ ነው?» አልኩት። አልሳቀም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሪፖርቱ ከሰዓት በፊት አለቀ። አርባ ሁለት ገጽ፣ ካርታ ያለው።

አንደኛ ሙከራ፦ ጮኸ፣ ቀጭ ብሎ ተቋረጠ። ሁለተኛ፦ ጮኸ፣ ቀጭ። ሦስተኛ... እንደዚያው።

አባባ ሶኬቱን እፍ አለበት። ገመዱን በኮቱ ጫፍ ወለወለው። ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ አዞረው። (ለምን? ንፋስ እንዲያገኝ?)

«በፋክስስ?» አልኩ።

«ፖስታ ቤት ጠይቄያለሁ። ማሽኑ አለ፣ ወረቀቱ የለም።»

ስምንተኛው ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሃሎ፣ ማዳመጫውን ከነገመዱ ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ሻይና አንድ ትልቅ ትራስ ይዘው።

«ወንድሜ፣ አይዞዎት» አሉት።

«ምን ሆንኩ?» አለ አባባ።

«ምንም ምንም። ብቻ አይዞዎት። እኔ እያለሁ ማንም እንደፈለገው አይሆንብዎትም።»

በሩን ዘግተው ሲሄዱ አባባ እኔን አየኝ። «ታምሜ ነው እንዴ የምመስለው?»

«ትንሽ» አልኩት።

አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረ። ሰኞ የሠራ ነገር ረቡዕ ምን ነካው? ሲመሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከተታቸው። «ያቺን ሴትዮ ይሆናል ብያት...» አለ። ለኔ አይደለም ያለው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከየት ልጀምር...

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞከረ፤ ቀጭ። አራት ሰዓት ላይ፤ ቀጭ። አምስት ሊሆን ሩብ ሲቀረው «የውጭ መስመር ስጡን በያቸው፤ የኔ ድምፅ ሰልችቷቸዋል መሰለኝ» ብሎ ወደ እትዬ ሃሎ ላከኝ። ጠየቅኳቸው፣ ሰጡ። እኔ ለመመለስ ሰንፌ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ። እሳቸው ማዳመጫውን ጠበቅ አደረጉ። ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ሎሚ እንደነከሰ ሰው ተጨማደደ። «አንተ ጨካኝ!» አሉ ለማንም ሳይሆን... ገመዱን ከሰሌዳው ላይ ነቀሉት። ቀጭ።

ክው አልኩ።

«እትዬ... እርስዎ ነዎት?»

«እና ጭጭ ብዬ ልስማ? እንደዚያ ያለ ጨዋ ሰው ላይ! ትናንትም አሥር ጊዜ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ነቀልኩበት። አፉ ይረፍ!»

ምን ብዬ ልንገራቸው? ወለሉን ብቻ እያየሁ አንድ ባንድ ነገርኳቸው። ሰውዬ እንደሌለ። ማሽን እንደሆነ። ቀልዴ እንደሆነ። ስለ መኪናዋ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ እኩለ ቀኑ።

ማዳመጫቸውን አወለቁ። ያለ ማዳመጫ ሳያቸው ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ጆሯቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ።

«እንዳልቆጣሽ ጊዜ የለንም» አሉ። «ለአባትሽ ግን የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም። ሂጂ፣ ይሞክር በይው!»

ሮጥኩ። «አንዴ ሞክር፣ አንዴ ብቻ!» አልኩት። ጮኸ... ጮኸ... ገባ! ካርታው ከባድ ስለሆነ በኤሊ እርምጃ ነው የሚሄደው። እታች እትዬ ሃሎ «ሃሎ፣ መስመር የለም! ሃሎ፣ ለማንም የለም!» እያሉ ሌሎቹን ክፍሎች ሲመልሱ እሰማለሁ። አንዱ እንግዳ ወርዶ ተጨቃጨቃቸው። «ከፈለጉ ይክሰሱኝ» አሉት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

አባባ አላጨበጨበም። ወንበሩ ላይ ተለጠጠና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። ያኔ ነገርኩት። ከቀልዱ እስከ ትራሱ። ይጮኽብኛል፣ ወይም ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ።

ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነው።

«እንደሚጮኽብኝ ማን ነገረሽ?»

«ማን?»

«አለቃዬ።»

...

ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ወይስ ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ በስልክ ሲያናግረው፣ ሲወጣ ፊቱን ሲታጠብ... አይቼ ነበር? አይቼ ነው ወይ የቀለድኩት?

«ሁለቱን ዓመት መኪናዋን የከለከለኝ እሱ ነው» አለ። «ስብሰባ ላይ በጮኸብኝ ቁጥር ወረቀቴን እሰበስባለሁ።»

ይቅርታ አልኩት። «እሺ» አለኝ፤ እሺ ብቻ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

እትዬ ሃሎ ጠዋት ሰላምታዬን መለሱልኝ። በግማሽ። ይገባኛል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የመቀበያውን ወለል ጠረግኩላቸው፤ «ጥግ ጥጉን!» እያሉ።

አምስት ሰዓት አካባቢ ስልኩ ጠራ። አባባ አነሳ። እውነተኛው ሰውዬ! እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል። አርባ ሁለት ገጽ ማን ያነባል፣ ለምን እስከ መጨረሻው ደቂቃ፣ እኔን ሰው ፊት ለማዋረድ ነው ወይ፣ ተሰብሳቢዎቹ በሙሉ ካርታውን ይዘው ተነሡብኝ... ላፕቶፑ ከሱ ጋር ሲነጻጸር ሙዚቃ ነው።

አባባ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ጌታዬ» አለ። «ልጄ አጠገቤ ናት፣ ትሰማለች። ቀስ ብለው ያናግሩኝ።»

ፀጥ። ተቋረጠ እንዴ? አልተቋረጠም። ድምፁ ተመለሰ፣ አሁን ግን ከመስኮቱ ጋ አይሰማኝም። አባባ «እሺ... እሺ... አመሰግናለሁ» እያለ እስክሪብቶ አነሳና አንድ ቃል ጽፎ ወረቀቱን ወደኔ አዞረው።

«ሰኞ።»

ሰኞ መኪናዋ ትመጣለች። እዚሁ ቆይተን እንጠብቃታለን።

ስልኩን ሲዘጋ እጁ ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ሥር ደበቀው። እኔም ያላየሁ እንዲመስለው ወደ ውጭ ዞርኩ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ቀልድ አጥቼ አይደለም።