ውጤቷ ከፍ ስላለው ባለቤቴ

ለተከበሩ የደም ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ከእኛ ይልቅ ለሚታመኑት ማሽኖችዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ በጎንደር ከተማ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት የባለቤቴ የወይዘሮ ፈህሚያ ሆድ ሲነፋ፣ ሐኪሙ የማህፀን አካባቢ ካንሰር ጠርጥሮ፣ በደሟ ውስጥ ያለው ኤል ዲ ኤች የተባለ ኢንዛይም እንዲለካላት ወደ ክፍልዎ ልኳት ነበርና፣ የዘገየ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው።

፩ኛ. መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ባለሙያዎ ወረቀቱን ሲያቀብላት «ውጤትዎ ከፍ ብሏል እማማ» ብሎ፣ ወደ ሐኪም ይመለሱ የሚል ትርፍ ቃል ሳያባክን መስኮቱን ስለዘጋ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. እኔ በዕድሜዬ ከፍ ያለ ውጤት አይቼ አዝኜ አላውቅም። ፈህሚያ ገና ከደጅ «አለፍኩ» ስትለኝ ግንባሯን ሳምኳት፤ አምባ ጊዮርጊስ ላለችው እህቷ ለሪሃናም ደውለን አበሰርናት። ሐኪሙ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር፣ ላለፈ ሰው ሐኪም ምን ያደርጋል ብለን መጠበቁን ተውነው። ወረቀቱን ከሰርተፍኬቶቼ ጋር አስቀመጥኩት።

፫ኛ. በየካቲት ሕመሙ ሲጠናባት ሌላ ሐኪም ያን ወረቀት አይቶ መቼ እንደተሰጠን ጠየቀኝ። ቁጥሩ ብቻውን ካንሰር ነው እንደማያሰኝ፣ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ለተጨማሪ ምርመራ መጠራት እንደነበረባት አስረዳኝ። ፈህሚያ በመጋቢት መጨረሻ አረፈች።

ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ አልጭንም፤ ስህተት ማረም የእኔም ሥራ ነበር። ብቸኝነቱ ግን ከብዶኛል። ጋዜጣ ጮክ ብዬ የማንበብ ልማድ አለኝ፤ በቃህ የሚለኝ ስለሌለ አሁን እስከ ጨረታ ማስታወቂያው እዘልቃለሁ። መስኮትዎ ላይ «ከፍ ማለት ማለፍ አይደለም» ተብሎ ቢጻፍልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከጤናዎም ከወንበርዎም ሳያጎድል ያቆይዎ የምል፣

የፈህሚያ ባል
ኡዘይር አብዱልባሲጥ
ጎንደር፣ ግንቦት ፳፻፯ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ባለፈው ሰኞ ከክፍልዎ አንዲት ልጅ ደውላ፣ ፈህሚያ ማንም ላልነገረን ሁለተኛ የደም ልኬት ለምን እንደቀረች ጠየቀችኝ። ለቀስተኛው ከተበተነ ወዲህ ስሟን የሚጠራ ሰው ስላላገኘሁ፣ ማረፏን አልነገርኳትም፤ በሚመጣው ሰኞ ደግማ ልትደውል ቃል ገብታልኛለች። እባክዎ ይህን ደብዳቤ ለልጅቷ አያሳዩብኝ፤ ሳይነግሩ መቆየት ለክፍልዎ አዲስ ነገር አይደለም።