ከቀመሬ የከበደው ዘይት

ማርች 3
ዛሬም በረዶ። ምሳ ዳቦ በቡናማ አይብ። የላብራቶሪዋ ሱኒቫ ቁጥሯን ይዛ መጣች። ድፍድፍ ነዳጅ ዘይቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ሊትሩ ይከብዳል ትላለች። የድብልቁን ክብደት የማሰላበት ቀመሬ ደግሞ ይቀላል ይላል። ጋዝ ገብቶበት የሚከብድ ዘይት? ወይ ጉድ! ወሩ ሲያልቅ ቀመሩን፣ ጋዙን ከባሕር በታች በቀረው ዘይት ውስጥ ለሚቀብሩት ሰዎች አስረክባለሁ... ስንት ቶን እንደቀበሩ የሚያሰሉት በእሱ ነው። አሁን ነው እንዲህ የሚባለው?
ድገሚው አልኳት።

ማርች 6
ደገመችው። ያው ነው።
"ቱቦው ቆሽሾ ይሆናል" አልኳት። ድብልቁን ሞልተን የምናንዘፈዝፈው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ሲከብድበት ንዝረቱ ይዘገያል።
"ሦስቴ አጥቤዋለሁ።"
"በውሃ ፈትሸሽዋል?"
"በውሃም በናይትሮጅንም። አንተንም ልፈትሽህ እንዴ፣ ቶርጌይር?"
ምሳ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ማርች 11
ሁለቴ ደግሜ አስለካኋት፤ አራተኛውም ያው! እልህ ያዘኝና ራሴ ወረድኩ። ላብራቶሪ ከገባሁ ስንት ዓመቴ ነው? ሱኒቫ እጇን አጣምራ ታየኛለች። "እሱ ቫልቭ አይደለም፣ ያኛው ነው..." አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። የወጣው የእሷ ቁጥር ነው። ምነው አርፌ ቢሮዬ በተቀመጥኩ!

ማርች 12
ብስጭት ብያለሁ። በማን? እንጃ።

ማርች 14
ቅዳሜ። አገሩ ሁሉ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ወጥቷል። እኔ ቀመሩን ስሠራ የያዝኳቸውን የድሮ መዝገቦች አገላብጣለሁ። አንዱ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥሮች በቀይ ተሰርዘዋል። አጠገባቸው በገዛ እጄ ጽሑፍ፦ "የኦድቫር ስህተት"።
ሦስቱም ዘይቱ ይከብዳል ይላሉ።
ኦድቫር ያኔ የሚለካልኝ ሰው ነበር። ልኬቱ አይታመንም ብዬ ለኃላፊው የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት፤ እዚያው ጡረታ ወጣ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማርች 17
ደወልኩለት። ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኖታል።
"ኦድቫር፣ እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ልክ ነበሩ።"
"አውቃለሁ።"
"ታዲያ ለምን አልተከራከርከኝም?"
"ተከራክሬሃለሁ እኮ! ድገም አልከኝ። ስድስት ጊዜ ደገምኩ።"
ምንም አላስታውስም... ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ሱኒቫም ነገርኩት።
"እሷን ስንቴ አስደገምካት?"
"ሦስት ጊዜ።"
"ተሻሽለሃል" አለኝ።

ማርች 19
ለጋዝ ቀባሪዎቹ ጻፍኩ፦ ቀመሩን አትጠቀሙበት፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ አዲስ ለመሥራት አንድ ዓመት ስጡኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የኮራሁበት ቀመር... እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። አዲሱን ሠንጠረዥ በኦድቫር ሦስት ቁጥሮች ጀመርኩት፤ ከሥራቸው የሱኒቫ። ስማቸውም አለበት።
ኦድቫር ሰኞ ላብራቶሪ ይመጣል። ቱቦውን ለማየት ነው። እኔን ለማየት እንዳልሆነ በግልጽ ነግሮኛል።