ፊትሽን ይዘሽ ነይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

አንሶላ አጠብኩ። ፀሐይዋ ደካማ ናት፣ እስከ ማታ የሚደርቅ አይመስለኝም። ባለቤቴ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ በትኖታል። ከሹፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ይፈታል። መግጠሙ ላይ ግን...

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከልጄ ቀብር ወዲህ እንደሚያደርጉት ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ ከነትራሱ። ትራሱን የምታመጣው የአስተናጋጆቹ አለቃ ናት። በልቤ ጄኔራሏ እላታለሁ። በወንበሮቹ መሃል ስታልፍ ሕፃናት እንኳ ለቅሷቸውን ይውጣሉ። "እትዬ፣ አንቺ እረፊ። ምንም እንዳትነኪ።" ድሮ ወንበር እደረድር ነበር፣ ወለል እወለውል ነበር። አሁን እንደ እንቁላል ተይዣለሁ። እረፊ፣ እረፊ... ያረፈችው ልጄ ናት እኮ፣ እኔ አይደለሁም።

መስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይቀመጣሉ። ልጄ ፊታቸው ቆማ ስብከቱን በእጇ ትተረጉምላቸው ነበር። ቦታዋ ባዶ ነው። ማንም አልተካትም። እነሱ ግን ይመጣሉ። ምን ሊያገኙ?

ትናንት አየኋቸው። በጸሎት ሰዓት ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔ አልጨፈንኩም። ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፈናል። ቤቱ እሄዳለሁ፣ ዓይኔን ግን አልጨፍንለትም። ልጄ የምልክት ቋንቋ ስትማር የምትለማመደው በእኔ ላይ ነበር፣ ሳህን እያጠብኩ። ስለዚህ እጃቸው የሚለው ይገባኛል። ከመካከላቸው ልብስ ሰፊዋ ለአናጢው ምን አለችው? "የፓስተሩን ሱሪ እየው። ታጥቦ ተኮማትሯል። ዛሬ የሚሰብከው ካልሲው ነው።"

ሳቅኩ። በጸሎት መሃል! ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ፣ ትከሻዬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ጄኔራሏ መጥታ አቀፈችኝ። "አይዞሽ እትዬ፣ አውጪው፣ አውጪው።" እቅፏ ውስጥ ሆኜ ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ትራሱን ትቼ መስኮቱ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ጄኔራሏ ከሩቅ በዓይኗ ጠራችኝ። እንዳላየ ሆንኩ።

ልብስ ሰፊዋ አፍጥጣ አየችኝ። በእጇ፣ "የምንለው ይገባሻል እንዴ?"

"ይገባኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሱሪው ጀምሮ።"

አናጢው ጢሙን ሽበት የወረሰው ትልቅ ሰው ነው። ጭኑን እየመታ ሳቀ። ድምፁ ወጣ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች፣ ከዚያ ወደ መድረኩ ጠቆመች።

"በይ እንግዲህ። ምን እያለ ነው?"

"ስለ ትዕግሥት።"

"ገና አልጨረሰም?"

"ገና።"

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ። ልጄ ካለፈች ጀምሮ የሚያዩት የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ ብቻ ነው። ተስማምተዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ የሚተረጉም ካልተገኘ መምጣት ይተዋሉ። አናጢው፣ "እግዚአብሔር የእኛንም ቤት ያውቀዋል" አለ።

ልጄ እኮ በየቤታቸው እየሄደች፣ አንድ በአንድ ነው የሰበሰበቻቸው። ለስብከት ብቻ አልነበረም። "እማ፣ እዚህ ሲመጡ ብቻ ነው ከሰው ጋር የሚስቁት" ትለኝ ነበር። አሁን አግዳሚው ባዶ ሊሆን ነው። ሁለተኛ ልትቀበርብኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጄኔራሏን አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስታስተካክል አገኘኋት።

"አስተርጓሚ ፈልጉላቸው።"

"እየጸለይንበት ነው እትዬ።"

"እየጸለያችሁ እጃችሁንም ዘርጋ አድርጉ። እኔ አለሁ አይደል?"

"አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ይገለገላል እንጂ አያገለግልም።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትጽናኚ።"

"ተቀምጬ በምን ልጽናና? በትራሱ?"

አልሳቀችም። ጥሩ ሴት ናት። ሳቅ ግን አልተሰጣትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሰረቅኩ። አገልግሎት ሰረቅኩ።

መዝሙሩ አልቆ ፓስተሩ መጽሐፉን ሲገልጥ ብድግ ብዬ የልጄ ቦታ ላይ ቆምኩ። ጄኔራሏ ከበሩ ስትነሳ አየኋት። ግን እኔ ጋ ለመድረስ በጉባኤው ፊት ማለፍ አለባት። ስብከት ከተጀመረ ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ያወጀችው ደግሞ ራሷ ናት። በገዛ ሕጓ ታስራ ቀረች!

 እጄ ሥራውን ጀመረ። የማላውቀውን ዘለልኩ፣ የማውቀውን ደጋገምኩ። ሲያልቅ ኮራ ብዬ ጠየቅኩ።

"እንዴት ነበር?"

ልብስ ሰፊዋ፣ "እጅሽ ደህና ነው።"

"እና?"

"ምንም አልገባንም።"

ፊት የለሽም አለችኝ። በዚህ ቋንቋ ጥያቄ ያለው ቅንድብ ላይ ነው። "እጅግ" የሚባለው ጉንጭ ላይ ነው። ቁጣ ከንፈር ላይ ነው። እኔ "ደስ ይበላችሁ" ያልኩት ውሃ ሊቆርጥ እንደመጣ ሠራተኛ ነው አለች። አናጢውም ጨመረበት። "ልጅሽ ነጎድጓድ ስትል ቀና ብለን ጣሪያውን እናይ ነበር። አንቺ እጅሽን ሰጠሽን፣ ሌላውን ሁሉ ቤት ዘግተሽበት መጣሽ።"

ተናድጄ ወጣሁ። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ከፊቴ ምን አላቸው?

ሊያስተዛዝኑኝ የመጡ ሁሉ የሚያዩት ፊቴን ነበር። ጠቁራለች፣ አልጠቆረችም፣ አልቅሳለች፣ አላለቀሰችም... አንብበውኝ ይሄዱና ያወራሉ። ስለዚህ ዘጋሁት። ሱቅ እንደሚዘጋ። ለእግዚአብሔርም ጭምር። እጄን ይውሰድ፣ ጉልበቴን ይውሰድ፣ አልከለክለውም። ፊቴ ግን የኔ ነው።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከኋላዬ ተቀምጧል። "ምን ያናድድሻል?" አለኝ።

"እንዴት አወቅክ?"

"አንቺ እኮ በጀርባሽም ትቆጫለሽ።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ቀሚሴ ሰፍቶኛል ብዬ ልብስ ሰፊዋ ጋ ወሰድኩት። ሰበብ ነው። እሷም ሰበብ መሆኑን አውቃለች። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ሙሉ ክር በየቀለሙ። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ወገቤን ለካች።

"አስተምሪኝ" አልኳት።

ስለ አስተናጋጇ አውሪኝ አለች።

"ሐሜት?"

"ሐሜት።"

"አማኞች አይደለንም እንዴ?"

"እግዚአብሔር ያውቃታል። አዲስ ነገር አይሰማም።"

ጀመርኩ። ጄኔራሏ ደረቷን ነፍታ ስትራመድ። አግዳሚ ሥር የሕፃን ጫማ ስታገኝ፣ ፈንጂ ያገኘች ይመስል ወደ ኋላ ስትል። እጇን ዘርግታ ልታቅፈኝ ስትመጣና እኔ መውጫ ሳጣ። ሳላውቀው ጉንጬ ተነፋ፣ ቅንድቤ ወጣ፣ አንገቴ ረዘመ። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ተፋቻቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ይኸው! ይኸው ፊትሽ! እሑድ ይህን የሐሜት ፊትሽን ይዘሽ ነይ።"

ኃጢአት ይሆን? ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ እግዚአብሔርን ጠየቅኩት። ከተኳረፍን ወዲህ ያናገርኩት ገና ዛሬ ነው። በሐሜት ጀመርን።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ዮናስ ነበር። ዕድሌ! ማዕበሉን ሆንኩ፣ ዓሣውን ሆንኩ፣ መርከበኞቹን ሆንኩ። ዮናስ ሲያኮርፍማ የማንንም ፊት መዋስ አላስፈለገኝም። አናጢው አግዳሚውን ይዞ እንደ መርከብ ተወዛወዘ። ሕፃናቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዳንድ ትልልቆችም።

ፓስተሩ በር ላይ ጠበቀኝ። ወጣት ነው፣ በእኔ ልጅ ዕድሜ።

"እማማ፣ ዛሬ እኔን ያየኝ ሰው የለም።"

"አንተም ዞረህ እኔን ስታይ ነበር ልጄ። አይቼሃለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ፣ "አንቀርም። ግን ፊትሽን መልሰሽ ከዘጋሽው እንሄዳለን" አለችኝ። እያስፈራራችኝ ነው? እያስፈራራችኝ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ዛሬም ጥሩ ነበር። ጄኔራሏ ከበሩ አልተነሳችም። ቦታዬ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ጠበቀችኝ፣ እንዳልንሸራተት። ሰላም ግን አላለችኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ፓስተሩ ቤት መጣ። ሻይ ሰጠሁት፣ ስኳሩን ሳያቆም ያማስላል። ነገር ይዟል አልኩ።

"እማማ... የእሑዱ ምንባብ የምኩራቡ አለቃ ልጅ ናት።"

ያቺ የሞተችው። ያቺ የተነሳችው።

"ልቀይረው እችላለሁ። ወይም እርስዎ ያን ቀን ይረፉ።"

ባለቤቴ መፍቻውን አስቀመጠ። "ተይው በቃ። አንድ እሑድ ነው" አለ፣ ዓይኔን ሳያየኝ።

እሺ ልል ነበር። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አግዳሚው ታየኝ። እኔን የማያመኝ ብቻ እየተመረጠ ሊነገራቸው ነው? ነገ ስለ እናቶች ይሰበካል፣ ከነገ ወዲያ ስለ ሞት። ሁሉንም እየዘለልኩ ምን ልተውላቸው ነው?

"አትቀይረው። ለእኔ ብለህ የእነሱን ድርሻ አትቁረጥ።"

"ይችሉታል?"

"አላውቅም።"

ከሄደ በኋላ ብርጭቆ እያጠብኩ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። ልጄን ወሰድክ። አሁን ደግሞ ፊቴን ፈለግህ፣ ያውም በዚህ ታሪክ ላይ። ትንሽ ይሉኝታ የለህም?

እሑድ፣ ኅዳር 8

አባትየው ወደ ጌታ ሲሮጥ በፊቴ ላይ ባለቤቴን አስሮጥኩት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳመለጠው። ደጅ ላይ የሚንጫጩትን፣ ኋላም በጌታ የሚስቁትን... የሐሜት ፊቴ ለነሱ ነው የተፈጠረው። ልብስ ሰፊዋ አፏን ይዛ በሳቅ ተንፈራፈረች።

ከዚያ ሁሉን አስወጣ ይላል። የልጅቷን አባትና እናት ይዞ ገባ። እናቷን! እዚያ መኖሯን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አንዲት ቃል አትናገርም። ፓስተሩ በአንድ ትንፋሽ አለፋት። እኔ እንዴት ልለፋት? እጄ "እናት" ብሏል። ፊት ያስፈልጋታል። የማንን ልስጣት?

የራሴን ሰጠኋት።

እንባዬ መጣ። አፍንጫዬም አልቀረም። ሁለቱም እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ልጥረግ ብል ነገሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። "አንቺ ልጅ" ብዬ ጀምሬ እየተንጠባጠብኩ ምን ላድርግ? የእርምጃ ድምፅ ሰማሁ። ስብከት መሃል፣ በጉባኤው ፊት! ጄኔራሏ። አጠገቤ ቆመችና በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ፣ እንደ ሕፃን።  እኔ እጄን አላቆምኩም።

"ተነሺ" አልኩ። ቁጣዬም እዚያ ውስጥ ነበር፣ ናፍቆቴም ነበር፣ "የኔስ?" የሚለውም ነበር። ምንም አላስቀረሁም። አናጢው አንገቱን አሰገገ፣ ልጅቷ ቀና ስትል ሊያይ።

መጨረሻ ላይ፣ የምትበላውን ስጧት ይላል። እዚህ ላይ ሳቅኩ፣ ከነእንባዬ። አባትና እናት በደስታ ሰክረው ምሳዋን ረስተው ይሆናላ። እሱ ግን አልረሳም።

የኔ ልጅ አልተነሳችም። ይህን ዛሬም ነገርኩት።  ኩርፊያውን ትቼለታለሁ። ጥያቄውን አልተውኩለትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ልብስ ሰፊዋ ሰው እያመጣች አግዳሚው ጠበበ። አናጢው ሌላ ሠራ፣ ከበፊቱ የሚረዝም።

ጄኔራሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ትመጣለች፣ ልትማር። "አንቺ አንድ ቀን ብትታመሚ እነዚህ ሰዎች ምን ይሆናሉ?" ብላ በቁጣ ነው የጀመረችው። የልጄ ክፍል ውስጥ ነው የምንማረው። ብርሃኑ እዚያ ይሻላል።

እጇ ፈጣን ነው። ፊቷ ግን ግድግዳ። ዛሬ ልብስ ሰፊዋ መጥታ ስታያት ቆየችና፣ "ሰው ትማ" አለች። ተረጎምኩላት።

"እኔ ሰው አላማም!"

"እሷን እሚያት" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ እኔ ጠቁማ።

ጄኔራሏ አየችኝ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ቃጣት። ከዚያ ተነስታ እኔን ሆነች። አንገቷ ቀጥ አለ። አንድ ቅንድቧ ከእግዚአብሔር ጋር እንደሚከራከር ሰው ወደ ላይ ወጣ። ከንፈሯ ሊያለቅስ ተጣመመ፣ ዓይኗ ግን ይስቃል፣ የሰው ዕቃ ሰርቆ እንዳመለጠ ሰው። ልብስ ሰፊዋ ወለሉን ደበደበችው። ባለቤቴ በሩን ተደግፎ ትን እስኪለው ሳቀ።

ተቀየምኩ። "እንዲህ ነው እንዴ የምመስለው?" አልኩት።

እሷን አየ፣ እኔን አየ። ዓይኑን ጠረገ።

"አሁን፣ አዎ።"