በራሷ ስም ስላልሞተችው ሬሕማ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ሙስዐብ
የአባይ ማዶ የኪነ ጥበብና የሰብዓዊ ጥናት ተቋም ኃላፊ
ካርቱም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በቅርቡ ላገኙት ማዕረግና ለአዲሱ ወንበርዎ ምቾት ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። ይማም እባላለሁ። የተቋምዎ ገፊር፣ በእኛ አነጋገር የበር ጠባቂ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቆሜ ሰላም የምልዎትና እርስዎም በአገጭዎ የሚመልሱልኝ ሰው ነኝ። ካርቱም ከመምጣቴ በፊት ወሎ ውስጥ አስተማሪ ስለነበርሁ ደብዳቤ መጻፍ አይከብደኝም። በአማርኛ የምጽፍልዎት ቋንቋውን ጠንቅቀው እንደሚያውቁ በመጽሐፍዎ የጀርባ ሽፋን ላይ ስላነበብሁ ነው። የማያውቁት ቃል ካጋጠመዎት እንደ ወትሮው በሩ ላይ ስላለሁ ብቅ ብለው ይጠይቁኝ።

ይህ ደብዳቤ ዛሬ ዓርብ ሚያዝያ 1 ቀን 2013፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በምጠብቀው በር ላይና ካላክላ ገበያ ባለው ያገሬ ሰዎች ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰዓቱን ለምን እንደመረጥሁ ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ለሌላው አንባቢ ስደግም ይታገሱኝ።

በ2010 ዓ.ም. በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ሴቶችን እንጉርጉሮ ለማጥናት ፈልገው አንዲት ጥሩ አንጎርጓሪ እንዳገኝልዎት አዘዙኝ። ሬሕማን አገኘሁልዎት። አል-ማንሺያ ሰፈር ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ልብስ ትተኩስ ነበር። የራሷ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ካርድ ስላልነበራት የምትሠራው በአብሮ አደጓ በሙሚና ካርድ ነበር። ካርቱም ያለ ያገሬ ሰው በዚህ አይገረምም። ሁለት ሴቶች በአንድ ካርድ ይኖራሉ፤ አንዷ ይዛው ስትወጣ ሌላዋ ቤት ትውላለች። አሠሪዎቹ ፎቶውን ልብ ብለው አያዩትም፤ ለእነሱ ሁላችንም አንድ መልክ ነን።

እንጉርጉሮዋን አርባ አንድ ደቂቃ ቀዱ። ከዓመት በኋላ አብዮቱ መጣ፤ ሬሕማም የመተኮሱን ሥራ ትታ፣ ሕዝቡ የመቀመጥ አድማ ባደረገበት በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ሻይ መሸጥ ጀመረች። ግንቦት 26 ቀን 2011 ማለዳ ተቀማጩ ሕዝብ በተኩስ ሲበተን ሞተች። ኪሷ ውስጥ የሙሚና ካርድና የሙሚና ስልክ ነበሩ። የተቀበረችው በሙሚና ስም ነው።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ እኔ ማዮ ሰፈር ቤቴ በወባ ተኝቼ ሳለ፣ ተቋምዎ የጥናቱ ተሳታፊ ከሞቱት መካከል መሆኗን ሰምቶ፣ ወሎ፣ ሐርቡ ከተማ ለሚገኙት የሙሚና ቤተሰቦች የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ በሰው እጅ ልኳል። ስለዚህ ፍጥነት ተቋሙን አመሰግናለሁ፤ የኔ የወባ ፈቃድ እንኳ በዚያ ፍጥነት አልተፈረመም። ደብዳቤው ክብ ማኅተም ነበረበት። ሼህ ኦመርና የሐርቡ ሽማግሌዎች ማኅተሙን አይተው፣ እንደ ደንቡ ማለዳ ተሰብስበው ሄደው ለሙሚና እናት መርዶ ነገሩ። ለቅሶው ላይ ከእናቲቱ ቀጥሎ አብዝታ ያለቀሰችው የሬሕማ እናት ጦይባ ነበረች። ሦስት ቀን ሙሉ ከሐዘንተኛዋ ጎን አልተነሳችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሙሚና ከሰው ስልክ ለምና ደወለች። የለቅሶው ቤት በግ አረደ። ጦይባም ከበጉ በላች፤ ስልኩንም ተቀብላ፣ "እሰይ ሙሚናዬ፣ ተረፍሽልን፤ ያቺስ የኔዋ ወዴት አለች?" አለች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሙሚና፣ "ደህና ናት እትዬ ጦይባ፣ ሥራ ላይ ናት" አለቻት።

ሬሕማ ይኸው አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሥራ ላይ ናት።

2ኛ. በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ መጽሐፍዎ ወጣ። እንኳን ደስ ያለዎት። በመግቢያው ላይ እንጉርጉሮዎቹን የሰጠችዎት ሙሚና "በአብዮቱ ቀን እንደተሰዋች" ጽፈዋል። ሙሚና ካላክላ ውስጥ ሽንኩርት ትቸረችራለች። በገጽ 112 ደግሞ የቀረጻውን የመጨረሻ ሁለት ስንኞች አትመዋል፦

ሐርቡ የምትወርዱ፣ ለጦይባ ንገሩ፣
ሬሕማ አለች በሉ፣ ሰው ቤት ነው አዳሩ።

ከሥሩ ባሰፈሩት ማስታወሻ፣ ሬሕማ "አንጎርጓሪዎቹ በብቸኝነታቸው ጊዜ የሚጠሯት ምናባዊ እኅት" እንደሆነች ገልጸው፣ ስለዚህች የሌለች ሴት ስምንት ገጽ ጽፈዋል። በእኛ አገር አንጎርጓሪ የራሷን ስም ሳታነሳ አትጨርስም፤ የሰማ ሰው ለማን ዱዓ እንደሚያደርግ እንዲያውቅ ነው። ይህን ሊነግርዎት የሚችል ሰው ከቢሮዎ አርባ ሁለት እርምጃ ርቆ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐርቡም አውቶቡስ የሚቆምባት ከተማ ናት፤ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ሕያዋን ሰዎች ለምርምር እንደማይመቹ እረዳለሁ። አንዷን ገደሉ፣ ሌላዋን ፈጽሞ እንዳልተወለደች አደረጉ፤ በአንድ መጽሐፍ ይህን ሁሉ መሥራት ቀላል ድካም አይደለም።

3ኛ. ስሕተቱን በቃል ስነግርዎት፣ "ያ ይማም፣ ጥናት በወሬ አይታረምም፤ ሰነድ አምጣ" አሉኝ። እኔም ሰነዱን ይዤ መጣሁ፤ ሙሚናን ራሷን። የመዝገብ ቤቷ ሲት፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ዘኪያ በደንብ ተቀበለችን፤ ወንበርም ሰጠችን። ከዚያ ፋይሉን ገልጣ አየችና፣ "ወላሂ እኅቴ፣ አንቺማ ሞተሻል። መጽሐፉም ላይ አለሽ" አለቻት። ሙሚና፣ "እኔ እንዳልሞትሁ እየታየሽ?" ብትላት፣ "እኔ የማየው ፋይሉን ነው" አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ልትረዳን ፈልጋ ለቀረጻው የተፈረመውን የስምምነት ወረቀት አወጣች። በላዩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የሙሚናን ጣት በቀለም ነክራ ከጎኑ አስረገጠቻትና በካርታ ማንበቢያው አጉሊ መነጽር ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አስተያየቻቸው። አይመሳሰሉም። ስለዚህ ፊቷ የተቀመጠችው ሴት ሙሚና እንዳልሆነች ተመዘገበ።

አሻራው የሬሕማ ነው። ከሬሕማ አካል ከመሬት በላይ የቀረው ያ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎበታል።

4ኛ. የእርማት ማመልከቻ ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ "ምሁራዊ ሥራ"፣ ሌላው "የፈጠራ ሥራ" ይላል። መጀመሪያ ምሁራዊ በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ምሁራዊ ሥራ የሚታረመው በሌላ የታተመ ምሁራዊ ሥራ ብቻ እንደሆነ ኮሚቴው አስረዳኝ። በዚህ መካከል ቀረጻው ለኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ስለነበር ሁለተኛውን ሣጥን መረጥሁ። የዚህኛው መልስ በሳምንቱ ደረሰኝ፤ በፈጠራ ሥራ ውስጥ ስሕተት የሚባል ነገር የለም። ይህን የመሰለ ሙሉ ጥበቃ ለሰው ቢደረግ ምናልባት ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

5ኛ. የአብዮቱ ሁለተኛ ዓመት ሲከበር፣ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ በምድር ቤቱ አዳራሽ ኤግዚቢሽንዎ ተከፈተ። ጠረጴዛ ላይ አንድ መተኮሻ አለ። የእሷ አይደለም፤ ከገበያ የተገዛ ነው። ከጣሪያው ሥር ጥቁር ድምፅ ማጉያ አለ። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለሆነ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከፍቼ ማብሪያውን እጫናለሁ፤ ሬሕማም ትጀምራለች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። መተኮሻው እንፋሎት ሲተፋ፣ እሷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ውሃ ስትጠጣ ይሰማል። መጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ግን ተቆርጠዋል። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ አድማጩን ከስሜቱ ያወጣሉ ተባልሁ። ስለዚህ ስሟ ጋ ልትደርስ ስትል ትቆማለች። ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም ትላለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች።

በቀን ሠላሳ ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም። በሁለተኛው ሳምንት፣ በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ የቀሩትን ስንኞች እኔው እላቸው ጀመር። አላሰብሁበትም፤ አንድ ሰው ሊላቸው ይገባ ስለነበር ነው። ሦስት ሰከንድ ስለማይበቃኝም የምጨርሰው እሷ ከጀመረች በኋላ ነው። አንዲት ጎብኚ ተማሪ በአስተያየት መዝገቡ ላይ፣ "የጠባቂው ድምፅ መጨረሻ ላይ መግባቱ ድንቅ ሐሳብ ነው" ብላ ጻፈች። እርስዎም አንብበው ወረዱና፣ "ያላ ይማም፣ ቀጥልበት" አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያገኘሁት ብቸኛ ምስጋና ስለሆነ እዚህ ላይ ማስመዝገብ ግዴታዬ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የለመንሁዎት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የድምፁ ባለቤት ሬሕማ መሆኗን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት አንድ መስመር። ወይም የተቆረጡት ሁለት ስንኞች። የሐርቡ ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ በቁም ላለ ሰው ስላስለቀሱ፣ ዳግም በግምት መርዶ አንነግርም ብለዋል። ጦይባ በበኩሏ በየሳምንቱ ጎረቤት እያስደወለች፣ ሙሚናን፣ "ሥራው ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ ዓርብ እንኳ አያስወጣም?" ትላት ነበር። ባለፈው ወር መጠየቋን ተወች። ሙሚና የፈራችው ይህን ነው። እኔም።

እርስዎን ስከስ አንድ ነገር ዘልያለሁ። በስምምነት ወረቀቱ ላይ "ሙሚና" ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የቤቱ እመቤት እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሬሕማ ከመተኮሻው ቀና ሳትል፣ "ይማም፣ የራሴን ስም ጻፍልኝ፤ በአማርኛ ስለሆነ እሷ አታነበውም" አለችኝ። "ወረቀት አይደል እንዴ፣ ምን ያደርግልሻል" አልኋት። እሷም፣ "እንግዲያው ዘፈኑ ውስጥ እለዋለሁ" አለች። አለችውም። የቆረጡት እሱን ነው።

ሼህ ኦመር ባለፈው ዓመት ግንቦት ነግረውኝ ነበር። "በማኅተም ተሳስተናል፤ ማኅተም ካልመጣ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም፤ ኃላፊነቱንም ይውሰድ" ነው ያሉት። ብፈርም ሐሰተኛ ሰነድ መጻፌን አመንሁ ማለት ነው፤ ይህን በር አጣለሁ፤ ከበሩ ጋር ኢቃማዬን። ስለዚህ መጀመሪያ መጽሐፍዎ እስኪወጣ፣ ከዚያም ቅጽ እየሞላሁ፣ ሣጥን እየመረጥሁ፣ የእርስዎን መልስ ስጠብቅ አሥራ አንድ ወር አሳለፍሁ። ኮሚቴው ሲዘገይ ልቤ ይረጋ ነበር። በዚህ ረገድ በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ርቀት ያው አርባ ሁለት እርምጃ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቃሌን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በሰው እጅ ሐርቡ ልኬ ደርሷል። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ሽማግሌዎቹ አውቃ ትጹም ብለዋል። ዛሬ ማለዳ ጦይባ ደጅ ሄደዋል። ይህን ወረቀት ከጁምዓ በኋላ የምለጥፈው ከእነሱ በኋላ እንዲሆን ነው፤ እናት ከግድግዳ ላይ እንዳትሰማ።

ያለዎትን ጊዜ በማባከኔ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለሚቀጥለው ማዕረግዎም ከወዲሁ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

የበርዎ ጠባቂ፣ የሐሰተኛ ሰነድዎ ጸሐፊ፣ የኤግዚቢሽንዎ ያልተመዘገበ ተሳታፊ፣
ይማም

ማስታወሻ፦ ተቋሙ ለዛሬው ለቅሶ የሐዘን መግለጫ መላክ ቢፈልግ፣ የሐምሌ 2011ዱ ደብዳቤ ቅጂ ሲት ዘኪያ ዘንድ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ አለ። አጻጻፉ ያማረ፣ ከተማዋም ያችው ስለሆነች እንደ አዲስ መድከም አያስፈልግም። ስሙን ብቻ ይለውጡት።