ማህተሙ እስኪመለስ የደረቀው በቆሎ

ለተከበሩ የአየር ጠባይ ትንበያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ ቀዝቃዛ፣ ወንበርዎም ምቹ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ ከንዴቱ በቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ጓሮዬ ውስጥ በተከለው የዝናብ መለኪያ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የወረደውን ውሃ ጠዋት ጠዋት እየለካሁ በስልክ የምልክልዎ በጎ ፈቃደኛ ገበሬ ነኝ። የመንደሩ ሰው «ሚሊሜትር» እያለ ይጠራኛል። ስሙን እስከ ዘንድሮ ድረስ እወደው ነበር። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያደረገኝ፣ ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ቀርበው ገበሬው የአየር ጠባይ መረጃን የመጠቀም ልማድ ስለሌለው ዘሩን በከንቱ እንዳባከነ በታላቅ ሐዘኔታ ሲገልጹ መስማቴ ነው። የሰማንዎት ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘን ሳለ ነው። በዚያች ሰዓት ከወረፋተኛው የተሰነዘረልዎትን ምላሽ እዚህ ማስፈር ለክብርዎ ስለማይመጥን ትቼዋለሁ።

ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ ማቅረቡን መርጫለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ከአሥራ አንድ ዓመት ልምዴ አውቃለሁና።

፩ኛ. መግለጫዎ ድንቅ ነበር። ይህን ስል እያሾፍኩ አይደለም። የዘሩ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን የፈረሙበት ይህ ወረቀት፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ጥሩ ዝናብ እንደሚጥል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለሦስት ሳምንት ያህል እንደሚቋረጥ፣ ስለዚህም ገበሬው በመጀመሪያው ዝናብ ተታልሎ እንዳይዘራ ይመክራል። አንዲት ቀን እንኳ አልሳተም። ጉድለቱ እጃችን የገባው በሃያ አራተኛው ቀን መሆኑ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በቆሎው በቅሎ፣ ጠውልጎ፣ ደርቆ፣ ከብት ገብቶበት ነበር። የሚሆነውን ሳይሆን የሆነውን በዚህ ዓይነት ጥራት ስላስረዱን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፪ኛ. ለምን እንደዘገየ ለመጠየቅ ሁለት መኪና ቀይሬ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ዘበኛው ቀጠሮ ስለሌለኝ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ አቆመኝ። በመጨረሻ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ደግ ሴት ናትና እባክዎ አይቆጧት፣ ነገሩን አስረዳችኝ። መግለጫ ያለ ማህተም ከግቢው አይወጣም። ማህተሙ ደግሞ በቢሮው አልነበረም። ከከተማ ከተማ እየዞረ «የአየር ጠባይ መረጃን ለገበሬው በወቅቱ ማድረስ» በሚል ርዕስ በተካሄዱ አራት አውደ ጥናቶች ላይ ለተሳታፊዎች የምስክር ወረቀት ሲመታ ሰንብቷል። ይህን ስሰማ ልስቅ ይገባኝ ነበር፤ ግን ደሜ ፈላ።

፫ኛ. ከአራቱ አውደ ጥናቶች በአንደኛው፣ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን፣ እኔም ተጋብዤ ነበር። ስለ ትጋቴ የምስክር ወረቀት ሰጥተውኝ፣ እጄን ጨብጠው፣ አብረን ፎቶ ተነሥተናል። በሻይ ዕረፍት ላይ ጠጋ ብዬ ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ ይታመን እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኩዎት፤ ብስኩትዎን እስኪውጡም ታገሥኩ። የመለሱልኝ መረጃው ተገቢውን መንገድ ተከትሎ እንደሚደርሰኝ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ፈርመውበታል። ያውቁ ነበር! «አትዝራ» የምትል አንዲት ቃል ከብስኩቱ ቀጥላ ብትወጣ ምን ነበረበት? ምላስም ማህተም እንደሚያስፈልገው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

፬ኛ. እንደተነበዩት በሁለት ቀን ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር ዘነበ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቶቼ እንደ ልማዳቸው ጓሮዬ ተሰብስበው ይዘሩ እንደሆነ ጠየቁኝ። መለኪያውን አየሁ፤ መሬቱንም ቆፈር አድርጌ እርጥበቱን በእጄ ፈተሽኩ፤ ዝሩ አልኳቸው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ ላይ አላላክክም። ከሁሉ ቀድማ የዘራችው ታናሽ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች በአንዲት ማሳ የምታሳድግ፣ ከአምናው ምርት መርጣ ጣራ ሥር የሰቀለችውን የዘር በቆሎ ልጆቿ ሲርባቸው እንኳ ያልነካች ሴት ናት። ወንድሜ ካለ አለ ብላ አንድ ፍሬ ሳታስቀር ዘራችው። ሲደርቅ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን በደጄ ስታልፍ መለኪያውን ላለማየት ፊቷን ታዞራለች። አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው።

፭ኛ. ልማድ የለውም ስላሉት ገበሬ አንድ ነገር ልጨምር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጠዋት አላጓደልኩም፤ ልጄን በዳርኩ ማግሥት ሳይቀር ለክቼ ልኬያለሁ። መረጃ ከእኛ ወደ እርስዎ ሲመጣ ማህተም ተጠይቆበት አያውቅም።

አሁን ወደ ተቸገርንበት ጉዳይ ልመለስ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለእህቴ ቶሎ የሚደርስ የቦሎቄ ዘር ሰጥቷታል። ይህም ከከሸፈባት ማሳዋን ትታ፣ ልጆቿን ይዛ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ መሰደዷ ነው። ዘሩ በከረጢት ተቋጥሮ ቀን እየጠበቀ ነው። የመጪዎቹ ሳምንታት ትንበያ ጠረጴዛዎ ላይ እንዳለም አልጠራጠርም፤ ከተሠራባቸው ቁጥሮች አንዱ ከጓሮዬ የሄደ ነውና። እባክዎ ዛሬውኑ በስልኬ አንድ መስመር ይላኩልኝ፤ ትዝራ፣ ወይም ትቆይ። በደረሰኝ ሰዓት ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ እጽፈዋለሁ፤ ለጠመኔው ጽሕፈት ቤትዎን አላስቸግርም።

ውድ ጊዜዎን ከአውደ ጥናት ወደ አውደ ጥናት በሚጓዙበት መካከል ለዚህ ደብዳቤ ስለሰጡልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ በደረቀ ማሳ ዳር ቆሜ ለክብርዎ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ
የጓሮው ዝናብ ለኪ

ማስታወሻ፦ በአራተኛው ቀን የሰጡኝን የምስክር ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሼአለሁ። ማህተሙ ጥርት ብሎ የተመታ ነው። ዋናው ማህተም አሁንም መንገድ ላይ ከሆነ፣ ይህንን በመቀስ ቆርጠው በእህቴ ትንበያ ላይ ይለጥፉልኝ።